የአያ ጃርት ለቅሶ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት እንዳትሉኝ። የዛሬው ነገር ከላምም ከበረትም አይገናኝም፤ የጃርት ጉድጓድ ነው። ከፈለጋችሁ «የጃርት ጉድጓድ» በሉኝና እንጀምር።

እንስሳት ሁሉ እንደ እኛ መናገር፣ እንደ እኛም ነገር ማብዛት በሚያውቁበት ዘመን አንድ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር። ሕግ አልነበረውም እንዳትሉ፤ ሕጉስ ሞልቶ ተርፎ ነበር፣ የሚያከብረው ጠፋ እንጂ። ሁሉም የሚያከብረው አንድ ብቻ ነው፤ ኡኡታ የሰማ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። የሚበላም ይሁን የተኛ፣ የተጣላም ይሁን የታረቀ፣ ኡኡ ከተባለ ምክንያት የለም። በዚያ ቀን ጅብና ሚዳቋ እንኳ ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ሲመለሱ ግን ሚዳቋ ቀደም ብላ ብትሰናበት ይሻላታል።

ደግ አገር ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ስስቅባቸው ክፉዎች እንዳይመስሏችሁ ነው። ክፉዎችማ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ክፉን ያባርሩታል። ደግን ምን ያደርጉታል?

በዚህ ደን ዳር፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር፣ እመት ጃርቲት ከባሏ ከአያ ጃርትና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ትልቁ ልጅ ወስፌ ይባላል፣ ትንሿ ልጅ መርፌ። አያ ጃርት እንቅልፍ የሚወድ፣ ወሬ የማይወድ፣ ከሁሉም በላይ ነውርን የሚፈራ ባል ነው። ሲቆጣም ሲደሰትም ቃል አያወጣም፤ እሾሁን ነስንሶ ቋ ቋ ያደርጋል፣ በቃ። ጃርቲት ደግሞ የእሾኋን ያህል ምላስ የተሰጣት ናት። ባሏ ያልተናገረውን ሁሉ እሷ ስትናገርለት ትዳራቸው ሰምሮ ይኖር ነበር።

ያን ክረምት ዝናቡ ጨከነ። ጠዋት ይዘንባል፣ ማታ ይዘንባል፣ ያባራ ሲመስልም ትንፋሽ ሊወስድ ነው እንጂ ደግሞ ይዘንባል። አንድ ቀን ማለዳ ጃርቲት ለልጆቿ ሥራ ሥር ልትለቅም ተነሳች።

«በዚህ ዝናብ የት ትሄጃለሽ?» አላት ባሏ ከመኝታው ሳይነሳ።

«ሆድ ዝናብ ነው ብሎ አይጾምልኝም» አለችውና ወጣች።

ሥራ ሥሯን በአፏ ይዛ ስትመለስ ደጇ የለም። ኮረብታው ከነድንጋዩ፣ ከነቁጥቋጦው ተንሸራቶ ጉድጓዷ ላይ ተኝቷል። የያዘችው ከአፏ ወደቀ። ወዲያ ሮጠች፣ ወዲህ ሮጠች፣ «ወስፌ! መርፌ!» አለች፤ መልስ የለም። ከዚያ በሩ ነበር ባለችው ቦታ ላይ በሆዷ ተኛችና ጆሮዋን ጭቃው ላይ ለጠፈች።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ከሥር ነው። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ያን ድምፅ ስትሰማ «ደግሞ ዛሬ ምን ሆነ ይሄ?» ትል ነበር። ያን ቀን ግን አንጀቷን አራሰው። አሉ! አፈር ሥር ናቸው እንጂ አሉ! ብቻዋን መቧጠጥ ጀመረች። ትንሽ እንደ ሄደች ጥፍሯ ድንጋይ መታ፤ ገፋችው፣ ንቅንቅ አይልም። ይሄኔ ደረቷን ነፍታ ያን የደኑን ጥሪ ለቀቀችው።

«ኡኡ! ኡኡ! የአገር ያለህ!»

እውነት ለመናገር ኡኡታውን ሳትጨርሰው ደረሱ። አያ ከርከሮ አፍንጫው ላይ ያለውን ጭቃ እንኳ ሳይጠርግ መጣ። አያ ጎሽ ዛፍ እየሰበረ መጣ። ጋሽ ዝንጀሮ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አማቾቹን አስከትሎ መጣ። እመት ሚዳቋ ገና ከሩቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መጣች። አያ ጅቦም፣ ቀን ለቀን መታየት የማይወደው፣ እያነከሰ ከተፍ አለ። ማንም አልላካቸውም፣ ማንም አላዘዛቸውም። የአደጋ ነገር የሚመለከተው በዝሆን የሚመራው ጉባኤስ? እሱማ ወሬውን ሰምቶ ዋርካው ሥር ተሰብስቧል። የወረደው አፈር ነው፣ ያወረደው ውሃ ነው፤ ታዲያ ጉዳዩ የምድር ክፍል ነው ወይስ የሰማይ ክፍል? በዚህ ላይ ክርክር ይዟል። ይከራከር፤ እንተወው።

ጃርቲት ጎረቤቶቿን ስታይ ልቧ መለስ አለ። «በሕይወት አሉ! እዚህ ጋ ናቸው! ቆፍሩልኝ!» አለች።

እንደዚያ ያለ ቁፋሮ ዓይታችሁ አታውቁም። ሁሉም ከያለበት ገባበት። ከርከሮ አንገቱን ደፍቶ አፈሩን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ይበትናል። ከኋላው ጎሽ ቆሞ፣ የመጣውን አፈር ሁሉ በቀንዱ እያፈሰ ወደ ፊት ይወረውራል። ሁለቱም ላብ በላብ ሆኑ። «በርታ ወንድሜ!» ይላል ከርከሮ። «አንተም በርታ!» ይላል ጎሽ። ያቺው አፈር ወዲያ ትሄዳለች፣ ወዲህ ትመጣለች፣ ጉድጓዱም እንደ ነበረ አለ።

የዝንጀሮ ቤተሰብ ድንጋይ ያነሳል። ማንሳቱን ያውቁበታል፤ የት እንደሚጥሉት ግን ያሰበ የለም። አንዱ አማች የጣለው ድንጋይ የሌላውን አማች ጭንቅላት አገኘና ሌላ ኡኡታ ሊነሳ ሆነ። ጋሽ ዝንጀሮ ይህን አይቶ አንድ ዱላ መዘዘና ትልቁ ቋጥኝ ላይ ወጣ።

«ከአሁን ጀምሮ የማስተባብረው እኔ ነኝ!»

«ማን ሾመህ?» አለው ከርከሮ ቀና ብሎ።

«ቋጥኙ ላይ የወጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ከርከሮ ወደ ቁፋሮው ተመለሰ። ዝንጀሮም ዱላውን እያወዛወዘ «አንተ ወዲያ! አንቺ ወዲህ! አይደለም፣ አንቺ ወዲያ!» ማለት ጀመረ። ቋጥኙ ራሱ አፈሩን የተጫነ ቋጥኝ መሆኑን፣ እሱ ካልወረደ እንደማይነሳ ጃርቲት ብትነግረው «አስተባባሪ ከቦታው አይነሳም» አላት።

በዚህ መሃል ለስላሳው አፈር አያ ጎሽን መሸከም አቃተው። አንድ እግሩ ስምጥ አለ። «እግሬን! ወየው እግሬን!» ሲል ቁፋሮው ቀረና ሁሉም ጎሽን ሊያወጣ ተረባረበ። ጎተቱት፣ አወጡት፣ ጥላ ሥር አስተኙት። እግሩን የሚያሽ መጣ፣ ቅጠል የሚያስር መጣ፣ «እንዴት ነው አሁን? ተሻለህ?» የሚል ወረፋ ያዘ።

«ኧረ ልጆቼ! ኧረ በፈጠራችሁ!» አለች ጃርቲት።

«ቆይ እንጂ እመት ጃርቲት፣ መጀመሪያ የተጎዳውን እናንሳ» አሏት።

ኡኡታ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድበትም። ወሬው እየሰፋ ሲሄድ መባ ይዞ የሚመጣው በዛ። የጎሽ ዘመዶች ለጃርት ድርቆሽ ይዘው መጡ። ቁራ ከየትም ያነሳውን ጨርቅ ይዞ መጣ። ጅብ «ለልጆቹ ይሁን» ብሎ የከረመ አጥንት አቀረበ። ጃርት አጥንት ለምኑ እንደሚሆነው የጠየቀ የለም፤ እግዜር ይስጥልን ነው የሚባለው። ይህ ሁሉ የት ይቀመጥ? ሌላው ቦታ ጭቃ ነው። ደረቅ ያለች፣ ሜዳ የሆነች አንዲት ቦታ ተገኘች፤ ጃርቲት ያንን ቋ ቋታ የሰማችባት ቦታ። ድርቆሹም፣ ጨርቁም፣ አጥንቱም እዚያችው ላይ ተከመረ።

«እዚያ ላይ አይደለም!» አለች ጃርቲት እየሮጠች።

«አንቺ አትልፊ፣ እኛ እናስቀምጠዋለን» አሏት።

ይህ ሁሉ ይሁን፤ ማታ ድረስም ቢሆን ተሳስተው ተሳስተው ጃርቶቹ ጋ መድረሳቸው አይቀርም ነበር። ነገሩን ያበላሸችው እመት ሚዳቋ ናት፣ እሷም በደግነቷ። ጃርቲት ጥላው የሄደችውን ሥራ ሥር ጭቃው ላይ ወድቆ አየችው። አነሳችው። ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ይሄን... ይሄን ለልጆቿ ይዛላቸው መጥታ ኖሯል» አለች። ከዚያ «ወይኔ ወስፌ! ወይኔ መርፌ!» ብላ ለቀቀችው።

ለቅሶ እንደሚጋባ ታውቃላችሁ። የዝንጀሮ ሚስት ተቀበለች። አማቾቹ ደረት መቱ። ጎሽ ከተኛበት ሆኖ አጓራ። አንድ የቀረ ቢኖር ከርከሮ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ እየቆፈረ ነበር። ጋሽ ዝንጀሮ ከቋጥኙ ላይ ሆኖ ገላመጠው።

«አንተ! ሰው እያለቀሰ ጀርባህን ትሰጣለህ? አንጀት የለህም?»

ከርከሮ ዙሪያውን አየ። የሚቆፍር እሱ ብቻ ነው። አፈረ፤ ቁፋሮውን ተወና አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ማንም ሞቱ ሳይል፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ጃርቶቹ ሞተው ለቅሶ ተቀመጡላቸው።

ጃርቲት መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። «ምን ሆናችኋል? አልሞቱም እኮ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

እመት ሚዳቋ መጥታ አቀፈቻት። «አይዞሽ እህቴ። የእኔም እናት ስትሞት የምትጠራኝ እየመሰለኝ ስንት ቀን ተቸግሬያለሁ» አለቻት። ከዚያ «ዋይ!» ብላ ዘለለች፤ ጃርት አቅፋ የለ! የተሰካባትን እሾህ ይዛ እያለቀሰች ሄደች። ቀጥላ የዝንጀሮ ሚስት አቀፈቻት፤ እሷም እንዲሁ። አንድ በአንድ እየመጡ ያቅፏታል፣ እየተወጉ ይመለሳሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ከእሾህ ሲሆንማ ጭራሽ ጎርፍ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ለወጉ ያለቀሰ ሁሉ አሁን ከልቡ ያለቅስ ጀመር።

አያ ጅቦ ይህን ጊዜ ነው የተነሳው። በደኑ ውስጥ እንደሱ ሙሾ የሚያወርድ አልነበረም። ሟችን የሚወደው ለምን እንደሆነ እኔና እናንተ እናውቃለን፤ ቢሆንም ድምፁ ድምፅ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ።

«እሾሁን አሹሎ ነብር ያስፈራራ፣
አፈር ተጫነው ወይ፣ ያ የእሾህ ተራራ!»

«ወይ! ወይ! ወይ!» አለ ለቅሰኛው።

«ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች ጃርቲት። «አንድ ጊዜ ብቻ ዝም በሉና ስሙ! ቋ ይላል!»

ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ አልቃሽ ከሐዘንተኛ አፍ የወደቀች ቃል አያባክንም።

«ቋ ይል የነበረው ያ የደጁ ጌታ፣
ዛሬ ምነው ጠፋ ድምፁ በዝምታ!»

ለቅሶው ደኑን አናወጠው። ጃርቲት ወደ ክምሩ ሮጠችና ድርቆሹን መበተን ጀመረች። «ያዟት! ራሷን ልትጎዳ ነው!» ተባለ። ማን ይያዛት? ሁሉም ቀምሷል። በመጨረሻ ጎሽ፣ ቆዳው ወፍራም ነውና፣ እያነከሰ ተነስቶ ከፊቷ ተጋደመ። በዚህ ብትል ጎሽ፣ በዚያ ብትል ጎሽ።

«ልቀቀኝ አያ ጎሽ።»

«አልለቅሽም። ነገ ታመሰግኚኛለሽ።»

በጎሹ ሆድና በድርቆሹ መካከል እንደ ምንም ራሷን አሾልካ ጆሮዋን መሬቱ ላይ ጣለች። አዳመጠች። ከላይ ሙሾው፣ ከላይ ዋይታው። ከሥር ምንም የለም። ደግማ አዳመጠች። ምንም። ያን ጊዜ ነው የፈራችው፤ እስካሁን ተናዳ ነበር እንጂ አልፈራችም ነበር። «እውነታቸውን ይሆን እንዴ?» አለች በልቧ። ካለቀሰችም ያን ጊዜ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታወጣ።

ግን ሞኝ አይደለችም። ተናግራ አልሰሟት፣ ለምና አልሰሟት፣ ጮኻ አልሰሟት። ዓይኗን ጠረገችና ተነሳች።

«እሺ» አለች። «ሞተዋል ካላችሁ ሞተዋል። እንግዲያው በወግ በወጉ ይሁን። የባሌን የሕይወት ታሪክ እናገራለሁ።»

«ይነገር! ይነገር!» አለ ሁሉም።

በዚያ ደን ለቅሶ ላይ ዝም የሚባለው የሕይወት ታሪክ ሲነገር ብቻ ነው። ሟችን ለማክበር እንዳይመስላችሁ። «የእኔ ስም ይነሳ ይሆን?» እያለ ሁሉም ጆሮውን ስለሚያቆም ነው። ጎሽ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ዝንጀሮ ጋማውን አስተካከለ። ጅቦም ሙሾውን ለጊዜው ዋጥ አደረጋት።

«ግን ባሏ የሞተባት ድርቆሽ ላይ ተመቻችታ አትናገርም» አለች ጃርቲት። «ወጉ በባዶ መሬት ነው። ይህን አንሱልኝ። አንተም ጋሽ ዝንጀሮ፣ ሐዘንተኛ መሬት ተቀምጣ አንተ ቋጥኝ ላይ?»

እውነትም ነውር ነው። ዝንጀሮ በድንጋጤ ዘሎ ወረደ። ያ ግማሽ ቀን ሙሉ «አንሱ» ብላ የለመነችው ክምር በአንድ አፍታ ተነሳ፤ ለወጉ ሲሆን ጊዜ እጅ አይጠፋም። ጃርቲት በባዶው መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁሉም ጸጥ አለ።

«አያ ጃርት» አለች ቀስ ብላ፣ «ብዙ የሚናገር ባል አልነበረም። እንዲያውም ጨርሶ አይናገርም ነበር። ሲናገር ግን እንዲህ ይል ነበር።»

እሾኋን ነሰነሰችና አንኳኳች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ከዚያ ዝም አለች።

ደኑም ዝም አለ። ቀጣዩን ቃል ይጠብቃሉ። ከቅጠል ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ከሥር ምንም የለም። ጃርቲት እሾኋን ደግማ አንኳኳች። እመት ሚዳቋ ለቅሶው ሊገነፍልባት ሲል ከርከሮ ኮቴውን አፏ ላይ ጣል አደረገ። ምን እንደነካው አያውቅም፤ ብቻ ጃርቲትን አይቶ አንድ ነገር ሳይገባው አልቀረም። ጋሽ ዝንጀሮ «ቀጥይ እንጂ» ሊል አፉን ከፈተ።

ቅጭ።

ቀጭን ናት። እሾህ የምትባል እንኳ አይደለችም። ጃርቲት አወቀቻት፤ መርፌ ናት።

ቅጭ፣ ቅጭ። ቆየት ብሎ ሌላ፣ ትንሽ ወፈር ያለ። ከዚያ ቆይቶ፣ እንደ ማፈር እያለ፣ የባሏ ቋ ቋታ መጣ።

የሚዳቋ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ዝንጀሮ የከፈተውን አፉን አልዘጋም። ጅቦ «ሙት ነው! ሙት አንኳኳ!» ብሎ ወደ ኋላው ሸሸና ዛፍ ጋ ተላተመ።

«ሰማችሁ?» አለች ጃርቲት። «የሕይወት ታሪኩን ራሱ ይንገራችሁ፤ እኔ አልችልም። አውጡልኝ!»

ይህን ጊዜ የሆነውን ብነግራችሁ እነዚያው ናቸው አትሉም። እነዚያው ናቸው። ጉልበቱም ያው ጉልበት፣ ደግነቱም ያው ደግነት ነው፤ አሁን ግን ሁሉም የሚሰሙት አንድ ነገር አላቸው። ከርከሮ ቆፈረ። ጎሽ ሊረዳው ከኋላው ሲቆም ጃርቲት «አንተ አትምጣብኝ! ከላይ ውሃ እየወረደ ነው፣ ሂድና ተኛበት!» አለችው። ጎሽም ሄዶ ተጋደመ፤ ጎርፉ ሆዱን እየመታ ወደ ጎን ሄደ። የዝንጀሮ ዘመዶች ከርከሮ ያወጣውን እየተቀባበሉ ወደ ገደሉ ላኩት። አንዱ አማች አሁንም ድንጋይ እግሩ ላይ ጣለ፤ ቢሆንም ጥርሱን ነክሶ አልጮኸም። ሚዳቋ እነዚያን ጆሮዎቿን መሬት ላይ አድርጋ «ወደ ግራ... ትንሽ ወደ ግራ... እዚህ ጋ» ትላለች፤ እንባዋ ግን አልቆመም፣ ልማድ ሆኖባታል።

ለጅቦ ምን ሥራ ይሰጠው? «እኔስ?» አለ ከዛፉ ሥር።

«አንተ ዝም በል» አለችው ጃርቲት።

የዚያን ቀን ከሁሉም የከበደውን ሥራ የሠራው እሱ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ቋጥኙን በአንድነት ገፍተው ሲያንከባልሉት ቀዳዳ ተከፈተ። መጀመሪያ መርፌ ወጣች፣ ከነአፈሯ እናቷ ላይ ተለጠፈች። ወስፌ ተከተለ። በመጨረሻ አያ ጃርት በጀርባው በኩል መጣና ወገቡ ላይ ተቀረቀረ፤ ከርከሮ በጥርሱ ጎትቶ፣ ግማሽ እሾሁን ነቅሎ አወጣው። አያ ጃርት አፈሩን ከዓይኑ ጠረገ። ለቅሰኛውን አየ። የተቀደደ ደረት አየ፣ ያበጠ ዓይን አየ። ደነገጠ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ።

ለቅሰኛው ሁሉ ዓይኑን ወደ ጅቦ መለሰ።

«እኔማ መጀመሪያ ሳንኳኳ ነበር» አለ፣ በዕድሜ ልኩ ያን ያህል ተናግሮ የማያውቀው። «ኋላ ከላይ ለቅሶ ሰማሁ። አገር ሐዘን ተቀምጦ እኔ ከሥር ቋ ቋ ስል ነውር አይደለም? ልጆቹንም ዝም በሉ አልኳቸው። ይቺ መርፌ ናት፣ ‹እማዬ ናት የምታንኳኳው› ብላ እምቢ ያለችኝ። እኔም እኮ አለቀስኩ። ሟቹ ደግ ሳይሆን አይቀርም፤ ሙሾው አንጀት ይበላል።»

ጃርቲት አንዴ በእጇ ጀርባውን መታችው፣ አንዴ አቀፈችው። ከዚያ ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ ጊዜ ሁሉም ሳቀ፣ አንዳንዱም እያፈረ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ይሄኔ የዝሆን ጉባኤ ደረሰ። ጉዳዩ የምድርም የሰማይም እንዲሆን ተስማምተው ነው የመጡት።

«አደጋው የት ነው?» አለ ዝሆን፣ አንድ እግሩን ወደ ቀዳዳው እያስገባ።

«እግርህን!» ብሎ ደኑ በአንድ አፍ ጮኸ። ዝሆን እግሩን አነሳና የት እንደሚያሳርፈው ቢቸግረው እንዳንጠለጠለ ንግግር አደረገ። ጉባኤው በወሰደው ፈጣን እርምጃ የጃርት ቤተሰብ መትረፉን ገለጸ። ያለፈቃድ የቆፈሩትንም ለዛሬ ይቅር ብሏቸዋል። ማንም አልተቃወመውም፤ ደክሟቸው ነበር። ከርከሮ ብቻ አፍንጫውን ጭቃው ውስጥ እየከተተ አንድ ነገር አለ፤ ምን እንዳለ አልተሰማም፣ ባይሰማም ይሻላል።

ለለቅሶ የመጣው እህል አይመለስምና ተቀምጠው በሉት። ጎሾቹ ድርቆሻቸውን በሉ። ጃርቲት እየዞረች አመሰገነቻቸው፤ ከልቧ ነው። እነሱ ባይመጡ ልጆቿን ያ አፈር ይዟቸው ይቀር እንደነበር ታውቃለች። እነሱ መጥተውም ሊቀሩ እንደነበር ታውቃለች። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ከብዷት ስትዞር አያ ጅቦ ጋ ደረሰች። ከዛፉ ሥር ለብቻው አኩርፎ ተቀምጧል።

«ምነው አያ ጅቦ፣ አትበላም?»

«መብላቱስ ይቅርብኝ» አለ። «ለአያ ጃርት ያዘጋጀሁት ግሩም ሙሾ ነበር። መሃሉ ላይ አቋረጣችሁኝ። ለልጆቹም ለየብቻቸው አውጥቼላቸው ነበር። አሁን ይሄን ሁሉ ምን ላድርገው?»

ጃርቲት ቆም ብላ አየችው። ልትቆጣው ነበር፤ ግን መጥቷል፣ ቀን ለቀን እያነከሰ መጥቷል።

«አስቀምጠው፣ አያ ጅቦ» አለችው። «መሞታችን አይቀር። ብቻ ያን ቀን፣ ሳትጀምር በፊት፣ ጎንበስ ብለህ ጠይቀን።»